የረቡዕና የዓርብ ቸኮሌት

አንድ ቀን አንድ የወረቀት ነጋዴ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ማተሚያ ቤት ላላቸው ለአቶ ድልነሳው ትልቅ ሳጥን ቸኮሌት በስጦታ ይዞላቸው መጣ። ሳጥኑ ትንሽ ሻንጣ ያህላል። ክዳኑ ሲነሣ ደግሞ በብር ወረቀት የተጠቀለሉ ፍሬዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ያብረቀርቃሉ።

አቶ ድልነሳው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማንም እንዲህ ብሎ አያማቸውም። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ሠራተኛ አይሳደቡም። ብቻ እጃቸው አይፈታም። ስጦታ ሲቀበሉ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ይበራል፤ ስጡ ሲባሉ ግን ወገባቸውን ያማቸዋል። ከዚህ ሌላ ያለባቸው አመል ዐዋቂነት ነው። የጤና ፕሮግራም በሬዲዮ ሲተላለፍ ማሽን ያስቆማሉ። ጋዜጣ ላይ ስለ ጤና የወጣውን ሁሉ እየቆረጡ ደብተር ላይ ይለጥፋሉ። አንድ ሰው አጠገባቸው ካስነጠሰ ደብተሩ ይወጣል፤ ደብተሩ ከወጣ ደግሞ ያስነጠሰው ሰው በቶሎ ቤቱ አይገባም።

ሳጥኑ የመጣ ዕለት ሦስቱን ሠራተኞቻቸውን ሰበሰቡ። አንደኛው የመጻሕፍት ጠራዡ ጥጋቡ ነው፤ ሁለተኛው የማተሚያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባዬ፣ ሦስተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ የምትለቅመው ሰናይት።

«ስሙኝ ልጆች» አሉ፣ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፈው። «ቸኮሌት በልክ ሲበላ መድኃኒት ነው። የደም ሥር ያፍታታል፤ ለልብ ይበጃል፤ የከፋውን ሰው ፊት ይፈታል። ይህን እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ተጽፏል። ያለ ልክ ሲበላ ግን ጉድ ነው! ስኳሩ ራሱ በሽታ ይሆናል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ሰው አንድ አንድ ፍሬ እሰጣለሁ። እሱንም እዚሁ፣ እኔ እያየሁ ትበላላችሁ። ቤት ከገባማ ማን ልኩን ይጠብቃል?»

ሦስቱም ደስ አላቸው። ባዬማ በደስታ ብዛት የአቶ ድልነሳውን ጉልበት ሊስም ምንም አልቀረው።

የመጀመሪያው የጤና ቀን ደረሰ። አቶ ድልነሳው ሳጥኑን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «ኑ፣ ጤናችሁን ጠብቁ!» ብለው ተጣሩ። ሦስቱም እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። ሰናይት አንዱን ፍሬ ልታነሣ ስትል ድንገት ትዝ አላት።

«ውይ ጋሼ! ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?»

«ነው መሰለኝ» አሉ አቶ ድልነሳው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ።

«ታዲያ ይሄ የጾም ነው የፍስክ?»

«እኔ በሰው ጾም አልገባም ልጄ። ኅሊናሽ የፈቀደልሽን አድርጊ።»

ቸኮሌት ወተት እንዳለበት ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቅ የለም። ሦስት እጅ ተዘርግቶ ሦስቱም ባዶውን ተመለሰ። ሳጥኑም ተከደነ።

ሁለተኛው የጤና ቀን ዓርብ ሆነ። «ኑ፣ ጤናችሁን ጠብቁ!» ተባለ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ ጾም ነው» አለ። በሳምንቱም ረቡዕ፣ በሳምንቱም ዓርብ እንዲሁ ሆነ። አቶ ድልነሳው ባቀረቡ ቁጥር ድምፃቸው እየደመቀ ሄደ። ግድግዳው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር ግብዣውን ይሰማና «እናንተስ ታድላችኋል!» ይላቸዋል። በጾም ቀን እንደ አቶ ድልነሳው ያለ ቸር ሰው በአገሩ አልነበረም። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ጢማቸው ሥር የሆነች ጥቁር ነገር ተለጥፋ ትውላለች፤ ይህን ያየ ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ጥጋቡ መጀመሪያ ላይ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነበር የያዘው። ኮላ እየቀባ፣ ወረቀት እያጠፈ ለብቻው ይስቃል። የቤቱ ነገር ሲመጣ ግን ሳቁ ጠፋ።

ሚስቱ ትርንጎ ነፍሰ ጡር ናት። ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ግን ሦስተኛ ወሯን ከያዘች ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። የሽሮ ሽታ ሲመጣ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ገንፎም ተሞከረ፣ አጥሚትም ተሞከረ፣ ሁሉም ሆዷ ሳይደርስ ይመለሳል። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀረ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «የተስማማትን ነገር ፈልጉላት፤ ትንሽም ብትሆን ትቅመስ፤ አንድ ነገር ከወረደላት ሌላውም ይከተላል» ብላ ሸኘቻቸው።

ትርንጎን ያማራት ቸኮሌት ነው። ድሮ አንድ ሠርግ ላይ አንዲት ፍሬ ቀምሳ ነበር፤ ምሬቷ ከነጣፋጭነቷ ምላሷ ላይ ቀርቶ፣ ይኸው አሁን ጊዜውን ጠብቆ መጣ።

«እሷን አንዲት ፍሬ ባገኝ» አለችው፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ «እህሉም ይወርድልኝ ነበር።»

ጥጋቡ ከተማውን ዞረ። ብስኩት አለ፤ ከረሜላ አለ፤ የኦቾሎኒ ቅቤም ተገኘ። ቸኮሌት ግን ያለው ሱቅ አጣ። በከተማው ውስጥ ያለ ቸኮሌት እሱ በየቀኑ መጽሐፍ ከሚጠርዝበት ጠረጴዛ ዐሥር እርምጃ ርቆ፣ በአቶ ድልነሳው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል።

ሐሙስ ጧት አፍ አውጥቶ ለመነ። ጥጋቡ ሲለምን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ጋሼ፣ ትርንጎ እህል እንቢ ብሏታል። ቸኮሌት አምሯታል። አንድ ፍሬ ቢሰጡኝ…»

አቶ ድልነሳው ከልባቸው አዘኑ፤ ይህን መካድ አይገባም። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ደብተራቸውንም አወጡ። ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገጽ ገለጡ፣ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ እስከ መጨረሻው ሄዱ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለነፍሰ ጡር ልኩ ስንት እንደሆነ ገና አልወጣም።»

«ምኑ ነው ያልወጣው ጋሼ?»

«ጋዜጣው ላይ ነዋ! የትልቅ ሰው ወጥቷል፤ የሽማግሌ ወጥቷል፤ የነፍሰ ጡር ግን አልወጣም። ሳላነብ ሰጥቼ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? ኃላፊነት አለብኝ። አንተ ነገ ና፣ የራስህን ፍሬ እዚሁ ብላ። መቼ ከለከልኩህ? ትናንትም አቅርቤልህ እንቢ ያልከው አንተ ነህ።»

ጥጋቡ ጥርሱን ነክሶ ወደ ኮላው ተመለሰ። ያን ቀን የጠረዘው መጽሐፍ ሁሉ ሲከፈት ጭብጨባ የመሰለ ድምፅ ያወጣ ነበር ይባላል፤ ያን ያህል አጥብቆ ነው የጠረዘው።

ቤቱ ሲገባ ትርንጎ ተኝታ አገኛት። ባዶ እጁን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያስብ ጀመር። እኚህ ሰውዬ ከምንም በላይ የሚጠብቋቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ሳጥናቸው፣ አንዱ ዐዋቂነታቸው። ሁለቱ እርስ በርስ ቢጋጩባቸው የትኛውን ይለቁ ይሆን? ጥጋቡ ይህን ሲያስብ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለ።

በማግሥቱ ዓርብ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ምሕረቱ የንግሥ በዓል ጥሪ ወረቀታቸው ደርሶ እንደሆነ ለማየት ወደ ማተሚያ ቤቱ ገቡ። ሁሉም ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። አቶ ድልነሳው ወንበር ጠርገው አስቀመጧቸውና ዓይናቸው ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ቸርነታቸውን እስከ ዛሬ የሰማላቸው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነበር፤ ቄስ እያየ መቸር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሳጥኑን አወጡና ከፈቱት።

«ኑ ልጆች! ጤናችሁን ጠብቁ!»

ቄሰ ገበዙ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብለው አዩና ደነገጡ። «በዓርብ? ቸኮሌት?»

«እኔ ሁሌም አቀርባለሁ አባ» አሉ አቶ ድልነሳው ደረታቸውን ነፍተው። «እነሱ ጾመኞች ስለሆኑ አይነኩትም እንጂ።»

ባዬና ሰናይት እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፉ። ጥጋቡ ግን ኮላውን ከእጁ እየጠረገ ቀረብ አለ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፋርማሲ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ትናንት ስለዚህ ስለ እርስዎ ቸኮሌት ስነግረው ሳቀብኝ። ‹የሽማግሌው ቸኮሌት ለልብ ምንም አይሠራም፤ ወተት የታጨቀበት የልጆች ማባበያ ነው፤ ያነበቡትም አልገባቸውም› አለኝ። እኔ እንኳ በጣም ተከራከርኩት…»

እውነቱን ለመናገር ጥጋቡ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም። መስቀል የያዘ ካህን ፊት መዋሸቱ ከንክኖታል፤ በኋላም ለንስሐ አባቱ ነግሮ ስግደቱን ሰግዷል። ለዚያች ሰዓት ግን ትርንጎ በለጠችበት።

አቶ ድልነሳው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ወተት? ወተት አለ? አልገባቸውም አለ?» ደብተሩ ወጣ። ገጹን ፈልገው አላጡትም፤ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። «ወተት ያለበትማ ከረሜላ ነው! ለልብ የሚበጀው ጥቁሩ ነው፣ ጥቁሩ! ይኸው! ምላስ ላይ ሲያርፍ ምርር ይላል። ካካዎ ነው፤ ለአመል ያህል ስኳር አለችው፤ አለቀ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እኔው ራሴ በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል ተርጉሜዋለሁ። ለዚያ ጎረቤትህ ንገረው!»

«ወተት ጭራሽ የለበትም ማለት ነው?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ጠብታ የለውም አባ!»

«ቅቤስ?» አለ ጥጋቡ፣ ለጎረቤቱ የሚያደርሰውን መልእክት የሚያጠና መስሎ።

«ምን የላም ቅቤ ይገባበታል! ላምም ፍየልም አልደረሰበትም። እንደ ቡና ያለ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ደርቆ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ። በል ሂድና ይህን ንገረው። አልገባቸውም አለ! እኔን!»

ሰናይት ቀስ ብላ ቀና አለች። ባዬም ቀና አለ። አቶ ድልነሳው ገና በንዴት እየተነፈሱ ነው፤ ምን እንደተናገሩ አልታወቃቸውም። ጥጋቡ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሮ እጅ ነሣ።

«እንግዲያስ የጾም ነዋ! አባ፣ ይባርኩልን።»

ቄሰ ገበዙ በእግዜር የተሰጠውን ነገር ባርኩ ሲባሉ እንቢ ብለው አያውቁም። ብድግ ብለው በመስቀላቸው ሳጥኑ ላይ አማተቡ፣ አባታችን ሆይም ተደገመ። አቶ ድልነሳው ከሁሉም ጋር «አሜን» አሉ። ከ«አሜን» በኋላ ነው የገባቸው።

«ቆይ ቆይ ቆይ!» አሉ፣ ሦስት እጅ ወደ ሳጥኑ ሲመጣ ባዩ ጊዜ። «አባ፣ የዓርብ ጾም ስንት ሰዓት ነው የሚፈታው? ዘጠኝ ሰዓት አይደል? ገና አራት ሰዓት እኮ ነው! ሰዓቱ ሳይደርስ እንዴት ጾም ይገደፋል?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ።

አቶ ድልነሳው ክዳኑን ያዙ። ጥጋቡ ግን እጁን አልመለሰም።

«ጋሼ ልክ ናቸው አባ፤ አሁንማ አንበላውም። ተቀብለን እናቆየዋለን፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንቀምሰዋለን» አለና አንዷን ፍሬ ከብር ወረቀቷ ጋር አንሥቶ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት። ባዬና ሰናይትም ተከተሉት።

«እዚሁ ነው እንጂ! እኔ እያየሁ ነው እንጂ! ልኩን…»

«ምነው ድልነሳው?» አሉ ቄሰ ገበዙ እየሳቁ። «ከሰጠህ በኋላ የት እንደሚጎርሱትም ትጠብቃለህ እንዴ? በል ለእኔም አንዲት አቀብለኝ፤ ከቅዳሴ በኋላ እቀምሳታለሁ።»

አቶ ድልነሳው አቀበሏቸው። አራት ፍሬ በአንድ ጊዜ ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም፤ የጎደለውን ቦታ ደጋግመው ያዩታል። ቄሰ ገበዙ ፍሬዋን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉና ለመሄድ ሲነሡ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«እኔ የምለው፣ የሳምንቱ ቀን ሁሉ እያለ ለምን ረቡዕና ዓርብን መረጥክ?»

ባዬ ማሽኑ ላይ የሌለ ቆሻሻ ይጠርግ ጀመር። ሰናይት የተዘጋውን ኮምፒውተር ትኩር ብላ ታያለች። ቄሰ ገበዙ መልሱን ካጡ ቀጥለው የሚጠይቁት ጥጋቡን ነው፤ አቶ ድልነሳው ይህን ያውቃሉ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይጠርጋሉ። ጥጋቡም አዘነላቸው፤ ደግሞም ፈራ። ዛሬ አንዲት ፍሬ ኪሱ ውስጥ ናት፤ ለአንድ ቀን ትበቃለች። ትርንጎ ግን ከነገ ወዲያም አለች፣ ከዚያም ወዲያ አለች። ሳጥኑ ዛሬ በቂም ከተዘጋ ዳግመኛ አይከፈትም።

«ሆን ብዬ ነው አባ» አሉ አቶ ድልነሳው ድንገት፣ ዓይናቸው በርቶ። «የጾመ ሰው ይደክማል። ይህንንም አንብቤዋለሁ። ጥቁር ቸኮሌት ለደከመ ሰው ብርታት ነው፤ መንፈስ ያድሳል። እንግዲህ ልጆቼ ናቸው፣ ጾሙን በብርታት እንዲፈጽሙ ብዬ ነው። በፍስክ ቀን አንድም ጊዜ ሰጥቻቸው አላውቅም፤ ይጠይቋቸው!»

«እውነታቸውን ነው» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

«በጾም ቀን ግን አንድም ጊዜ ሳላቀርብ ቀርቼ አላውቅም።»

«ይህም እውነት ነው» አሉ ሦስቱም።

የቄሰ ገበዙ ዓይን እንባ አቀረረ። በዚህ ዘመን ለሠራተኛው ጾም የሚያስብ አሠሪ ማየት ማለት! መስቀላቸውን አውጥተው የአቶ ድልነሳውን ግንባር ዳሰሱ። «በጾም ቀን ሁሉ?» አሉ፣ በደስታ ማመን አቅቷቸው።

«በጾም ቀን ሁሉ አባ!» አሉ አቶ ድልነሳው። ከመስቀሉ ሥር ቀና ሲሉ ፊታቸው የሙሽራ ፊት ሆኖ ነበር።

ጥጋቡም ወገቡ እስኪጎብጥ እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልን ጋሼ! እኛማ ከነገ ወዲያ ቅበላው አልቆ ሰኞ ሁዳዴ ሲገባ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን በምን ጉልበት እንዘልቀዋለን እያልን ስንጨነቅ ነበር።»

አቶ ድልነሳው ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ፤ ትርንጎም በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ፍሬዋን በትንሽ በትንሹ እየነከሰች ቀመሰች፤ በላይዋም ሽሮ አምጡልኝ አለች።